ሹክሹክታ የቀዳ ሸክላ

በማርች 1925 የቪክተር ሸክላ ኩባንያ ሠራተኞች የመቅጃ ዕቃቸውን ጭነው ኒው ኦርሊንስ ከተማ ወረዱ። በዚያ ሰሞን ድምፃቸውን ካስቀዱት መካከል ሦስት እህትማማቾች ነበሩ፤ የ19 ዓመቷ ማርታ፣ የ17 ዓመቷ ኮኒ፣ ገና 13 ዓመቷ የነበረችው ሔልቬሺያ ቦዝዌል። ትንሿን ቤተሰቡ ቬት እያለ ነው የሚጠራት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀረጻ ለገበያ የወጣው አንድ ሸክላ ብቻ ነው። በአንዱ ገጽ ኮኒ ለብቻዋ፣ በሌላው ደግሞ ሦስቱም አንድ ላይ ይዘፍናሉ፤ ፒያኖውን የምትመታው ማርታ ናት።

ያንን ሸክላ ዛሬ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ልብ የሚለው የኮኒን ጩኸት ነው። ደረቷን ነፍታ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሆና ትዘፍናለች። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1931፣ ያችው ኮኒ ከእህቶቿ ጋር ኒውዮርክ ላይ ስትቀዳ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ለዝቧል። ሦስቱ ልጆች ማታ በረንዳ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ እየተጠነቀቁ የሚያንጎራጉሩ ይመስላል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ያደጉት እህቶቹ ብቻ አልነበሩም። የሚቀዳቸው መሣሪያም ተለውጦ ነበር።

እስከ 1925 ድረስ ሸክላ የሚቀዳው ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ዘፋኙ አፈ ሰፊ በሆነ ትልቅ ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ ወደ ቀንዱ ገብቶ፣ እየጠበበ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጣል፤ ገበታው መርፌውን ያነቃንቃል፤ መርፌው በሚሽከረከር የሰም ዝርግ ላይ ይጭራል። ኃይሉ ሁሉ የሚመጣው ከዘፋኙ ሳንባ ነው። ስለዚህ ጉልበታም ድምፅ ይቀዳል፣ ለስላሳው ባክኖ ይቀራል። ወፍራሙ የባስ ድምፅ ይመነምናል፤ በጥርስና በከንፈር መሀል የሚፏጩት «ሰ» እና «ሸ» ጨርሶ አይሰሙም። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ላይ ዜማውን ያስቀዳው በእንዲህ ያለው ቀንድ ዘመን ነው። የድሮ ሸክላ ላይ የሚሰማው ያ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ፣ ዘፋኙ ርቆ ስለቆመ ሳይሆን ቀንዱ ግማሹን ድምፅ ስለበላው ነው።

ለብቻው ለሚዘፍን ሰው ይህ ብዙም አይከብድም። ለአራት ሰው ግን መከራ ነበር። አራቱም ራሳቸውን በአንድ ቀንድ አፍ ላይ ማጋጠም አለባቸው፤ ድምፁ የሚያይለው ወደ ኋላ፣ የሚደክመው ወደ ፊት እየሆነ ቦታ ይያዛል። አንዱ ትንሽ ቢያሳልፍ፣ ሌላው ቢያንስ፣ ሰሙ ተበላሽቶ እንደገና ይጀመራል። እንዲህም ሆኖ የአራት ወንዶች ቡድን ሸክላ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ከእነዚያ ቀደምት ቡድኖች አንዱ፣ ዲንዊዲ ኳርቴት የሚባለው የጥቁሮች ቡድን፣ በ1902 ለቪክተር ተቀድቷል።

በ1925 ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የሠራው አዲስ መቅጃ ቪክተርና ኮሎምቢያ እጅ ገባ። አሁን ድምፁን የሚቀበለው ማይክሮፎን ነው፤ ማይክሮፎኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ማጉያው ያጎላዋል፣ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውም የዘፋኙ ሳንባ መሆኑ ቀርቶ ኤሌክትሪኩ ነው። ባሱ ሙሉ ሆኖ ወጣ። «ሰ» ተመለሰች። ከሁሉ በላይ ግን ትንፋሽ ይቀዳ ጀመር። ዘፋኝ ከንፈሩን ገና ሲከፍት የሚሰማው ያ ትንሽ ድምፅ፣ በሁለት ቃላት መሀል የሚወስደው አየር፣ ዝቅ አድርጎ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚናገር ሆኖ የሚለው ነገር፣ ሁሉም በሸክላው ላይ ተቀመጠ። ከአደባባይ ይልቅ ለሳሎን የሚሆን አዘፋፈን ለመጀመሪያ ጊዜ መተዳደሪያ ሆነ።

ይህ ለውጥ ከማንም በላይ የጠቀመው በኅብረት የሚዘፍኑትን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሃርመኒው ራሱ ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሀገራችን አዝማሪው ሲያወጣ ተቀባዩ የሚመልሰው ያንኑ ዜማ ነው፤ በደብሩ የቆሙት መዘምራን ሃምሳም ይሁኑ መቶ የሚያዜሙት አንድ ዜማ ነው። (ከጋሞ ደጋ የሚመጡት የዶርዜ ዘፋኞች የተለዩ ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይዞ ከሌላው ጋር ሲጠላለፍ የሰማ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም።) እዚህ የምንነጋገርበት ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንድን ቃል በአንድ ትንፋሽ እያሉ፣ እያንዳንዳቸው ግን የተለያየ ኖታ የሚይዙበት ነው። ኖታዎቹ እንደ አንድ እጅ ጣቶች የተጠጋጉ ናቸው። በጣም ስለሚጠጋጉ አንዱ በትንሹ ቢዛነፍ ሁሉም ይበላሻል፤ በትክክል ሲገጥሙ ደግሞ ማንም ያልዘፈነው አምስተኛ ድምፅ ከላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እዚያ ለመድረስ ዘፋኙ ከራሱ ድምፅ ይልቅ የጎረቤቱን መስማት አለበት። የሚጮህ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን አይሰማም።

የዚህ ጥበብ አንዱ መፈልፈያ ፀጉር ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በደቡብ ከተሞች ፀጉር ማስተካከል በብዛት የጥቁሮች ሙያ ነበር፤ ፀጉር ቤቱም ወንዶች ተራቸውን እየጠበቁ የሚያወሩበት፣ የሚከራከሩበት፣ የሚዘፍኑበት ቦታ ነበር። ደራሲው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን በልጅነቱ ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ውስጥ እያንዳንዱ ፀጉር ቤት የራሱ አራት ዘፋኞች እንደነበሩት በ1925 ባሳተመው የመንፈሳዊ መዝሙሮች መጽሐፍ መግቢያ ላይ አስፍሯል። ሉዊ አርምስትሮንግም ገና ትራምፔት ሳይጨብጥ፣ በኒው ኦርሊንስ ጎዳናዎች ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እየዘፈነ ሳንቲም ይለቅም የነበረ ልጅ ነው።

ይህ መነሻ ኋላ ላይ ተድበስብሷል። ጢማቸውን ያሾሉ፣ ባለ መስመር ጃኬት የለበሱ አራት ነጭ ወንዶች የፀጉር ቤት ዘፈን መልክ ሆነው ቀሩ። በ1938 ኦክላሆማ ቱልሳ ውስጥ ይህን የአዘፋፈን ስልት የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። በ1941 ግን ግራንድ ሴንትራል ሬድ ካፕስ የተባሉ የጥቁሮች ቡድን የኒውዮርክን ውድድር አሸንፈው ሲመጡ፣ ማኅበሩ በቀለማቸው ምክንያት ከብሔራዊው ውድድር አገዳቸው። ጥቁሮች አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው በ1963 ነው። የጥቁር ፀጉር አስተካካዮች ካቆዩት ዘፈን ጥቁሮችን ማባረር! የሙዚቃ ታሪክ አጥኚው ሊን አቦት በ1992 ባወጣው ጥናት ማስረጃውን ሰብስቦ የነገሩን ሥር እስኪያሳይ ድረስ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው የተገለበጠውን ታሪክ ነበር።

ፒኳ የተባለችው የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ውስጥም አንድ ፀጉር ቤት ነበረ። ባለቤቱ ጆን ሚልስ ይባላል፤ እሱም ከሥራው ጎን ለጎን «ፎር ኪንግስ ኦፍ ሃርመኒ» በሚባል የአራት ሰው ቡድን ውስጥ ይዘፍናል። አራት ወንዶች ልጆቹ ጆን ታናሹ፣ ኸርበርት፣ ሃሪና ዶናልድ በፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው እየዘፈኑ ለአላፊ አግዳሚው ያሰሙ ነበር። ካዙ የምትባል በአፍ የምትነፋ ትንሽ መጫወቻም ነበረቻቸው። በከተማው ቲያትር ቤት በተደረገ ውድድር ላይ፣ ተራቸው ደርሶ መድረክ ሲወጡ ሃሪ ካዙውን ያጣታል። ሌላ ምርጫ አልነበረውምና እጁን እንደ ጽዋ አድርጎ አፉ ላይ ደፍቶ የትራምፔት ድምፅ አወጣ። ሰዉ ወደደው። ወንድሞቹም የየራሳቸውን መሣሪያ «ያዙ»፤ አንዱ ሁለተኛ ትራምፔት፣ አንዱ ትሮምቦን፣ ጆን ደግሞ በባስ ድምፁ ቱባውን።

በመጀመሪያ የሲንሲናቲ ሬዲዮ፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ። በ1930ዎቹ መባቻ ከሲቢኤስ ጋር ሲፈራረሙ በአገር አቀፍ የሬዲዮ መረብ የራሳቸው ዝግጅት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ሆኑ። በ1931 ለብራንዝዊክ ኩባንያ «ታይገር ራግ»ን ቀዱ። በሸክላው ላይ ሙሉ የጃዝ ባንድ ይሰማል፤ ትራምፔቱ ይንጫረራል፣ ቱባው ከታች ይረግጣል። በእውነቱ ግን ያለው መሣሪያ አንድ ጊታር ብቻ ነው። ሰዎች አላምን ስላሉ ኩባንያው በሸክላው መሀል በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ከአንድ ጊታር በቀር ምንም ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ እንዳልተጠቀሙ የሚገልጽ ማስታወቂያ ያትም ጀመር። በቀንዱ ዘመን ይህ የማይታሰብ ነው። የአፍ ትራምፔት ከእውነተኛው ትራምፔት ጋር ጉልበት አይገጥምም፤ የሚያሳምነው ማይኩ ቀርቦ ሲሰማው፣ በእጅና በከንፈር መሀል ያለችውን ያችን ትንሽ ንዝረት ሲይዛት ብቻ ነው።

ሚልስ ወንድማማቾች በ1934 ለንደን ሄደው በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና በንግሥት ሜሪ ፊት ዘፈኑ። እንግሊዝ ሳሉ ጆን ታመመ፤ በጃንዋሪ 1936 ዓረፈ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር። የቡድኑ መሠረት፣ ባሱም ጊታሩም እሱ ነበር። ቀሪዎቹ ሊበተኑ አስበው ሳለ የሟቹን ቦታ አባታቸው ተካ፤ ከሃምሳ ያለፈው ፀጉር አስተካካይ ከልጆቹ ጎን ቆሞ ባሱን ያዘ። በ1942 የቀዱት «ፔፐር ዶል» በሚቀጥለው ዓመት ለ12 ሳምንታት የአሜሪካን የሽያጭ ሰንጠረዥ ሲመራ፣ ከታች የሚሰማው ድምፅ የአባትየው ነው። ሐዘናቸውን በአደባባይ ሲያወሩት አልኖሩም። ሸክላውን አጠገብ አጠገብ አድርጎ የሚሰማ ሰው ግን ከ1936 በፊትና በኋላ ያለውን ለውጥ ያገኘዋል፤ የአፍ መሣሪያዎቹ እየተቀነሱ፣ ዘፈኑ እየሰከነ ይሄዳል።

ወደ ኒው ኦርሊንስ ልጆች እንመለስ። የቦዝዌሎች ቤት በካምፕ ጎዳና ላይ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን አግብተው ነበርና አባት፣ እናት፣ አጎትና አክስት አራት ድምፅ ሆነው ማታ ማታ ቤት ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ሴቶቹ ልጆች የተማሩት ክላሲካል ሙዚቃ ነው፤ ማርታ ፒያኖ፣ ኮኒ ሴሎ፣ ቬት ቫዮሊን። ኮኒ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ ስለማይታዘዟት የኖረችው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እናታቸው ልጆቹን ይዛ ሊሪክ ቲያትር ትሄድ ነበር፤ የጥቁሮች ቲያትር ሆኖ በተወሰነ ሌሊት በሩን ለነጭ ተመልካች ይከፍታል። ኮኒ የብሉዝ ዘፋኟን ማሚ ስሚዝን ያየችው እዚያ ነው። ቤቷ ውስጥ ደግሞ የኦፔራውን ዘፋኝ የካሩሶን ሸክላ እያዳመጠች ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ አጠናች። ከፍ ብሎ የተጠቀሰው የ1925 ሸክላ ማሚ ስሚዝን ይመስላል። በ1931 የሚሰማው ግን የማንም ያልሆነ፣ የእሷ የራሷ ነው።

በመሀል ብዙ መንገድ አለ። በ1928 ከቤት ወጡ፤ በየከተማው እየዞሩ በቲያትር ሠሩ፤ ሎስ አንጀለስ ላይ የሬዲዮ ሥራ አገኙ፤ በ1931 ኒውዮርክ ገቡ። በዚያው ዓመት ሲቢኤስ የሙከራ ቴሌቪዥን ጣቢያውን በኒውዮርክ ሲከፍት ከቀረቡት መካከል ነበሩ፤ ማየት የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት ቢሆንም። ለብራንዝዊክ ሲቀዱ ያጀቧቸው ቶሚና ጂሚ ዶርሲ፣ ጊታሪስቱ ኤዲ ላንግ፣ ቫዮሊኒስቱ ጆ ቬኑቲ ናቸው። ከዘመኑ ነጭ የጃዝ ተጫዋቾች መካከል ከእነዚህ የሚሻል ጥቂት ነበር።

የሠሩትን ሥራ ለማየት አንድ ሸክላ ይበቃል፤ የ1932ቱን «ኤቭሪባዲ ላቭስ ማይ ቤቢ»። ዘፈኑ ከ1924 ጀምሮ የታወቀ፣ ማንም ሰካራም የሚያፏጨው ቀላል ዜማ ነው። እህቶቹ እንደ ቀሚስ ፈተው እንደገና ሰፉት። ፍጥነቱ መሀል ላይ ይለወጣል። ደስ ያለው ዜማ በድንገት ያዝናል፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። አንዷ ስታወጣ ሁለቱ ከኋላ እንደ ሳክስፎን ክፍል ይመልሳሉ፤ ቀጥሎ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ላይ ሲያርፉ፣ ቃሉን የጀመረችው የትኛዋ እንደሆነች፣ የጨረሰችውም የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ያስቸግራል። ከዚያ ደግሞ ቃላቱ ይጠፋሉ። በቤት ውስጥ በልጅነታቸው የፈጠሩት ቋንቋ ነበራቸው፤ በየክፍለ ቃሉ መሀል ባዕድ ድምፅ እየሰነቀሩ በፍጥነት የሚናገሩት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህንን ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል፤ የወፍ ቋንቋ ነው። እናት እንዳትሰማ ተብሎ የተፈጠረውን ጨዋታ ሦስቱ ልጆች በሃርመኒ፣ በጃዝ ምት፣ በማይክሮፎን ፊት ዘፈኑት።

ይህ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የዘመኑ ሸክላ ከዚያ የበለጠ አይዝም። ሸክላ ሠሪዎቹም አልወደዱትም። የብራንዝዊኩ ጃክ ካፕ ሰዉ አብሮ እንዲያንጎራጉር ዜማው እንደተጻፈ እንዲዘፈን ይፈልግ ነበር። ጊዜውም ለሙከራ አይመችም፤ በ1927 አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ሲሸጥ፣ በ1932 የኢኮኖሚው ውድቀት ቁጥሩን ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ አውርዶት ነበር። በዚያ ረሃብ መሀል እንዲህ ያለ የተወሳሰበ ነገር መቀዳቱ፣ ከዘጠና ዓመት በኋላም ሳይደበዝዝ መሰማቱ፣ ለእነዚህ ልጆች ከተሰጣቸው ስም በላይ እንደሚገባቸው ያሳያል።

ምክንያቱም ተረስተዋል። በ1936 መጀመሪያ ማርታና ቬት ትዳራቸውን ብለው ሲተዉ ቡድኑ አበቃ፤ ኮኒ ብቻዋን ቀጠለች። ከእነሱ በኋላ የመጡት የሚኒያፖሊሶቹ አንድሩስ እህትማማቾች፣ የቦዝዌሎችን ሸክላ እያጠኑ ያደጉት፣ ነገሩን አቅልለው በጦርነቱ ዓመታት ዓለምን አዳረሱበት። የቦዝዌሎቹ ስም ግን በሌላ መንገድም ቀርቷል። በኖቬምበር 1934 ሃርለም በሚገኘው አፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ምሽት ላይ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ልትደንስ መድረክ ወጣች፤ ከእሷ በፊት የደነሱት ጎበዞች ስለነበሩ ፈራች፣ መዝፈን ይሻለኛል አለች። የምታውቀው የኮኒ ቦዝዌልን አዘፋፈን ነበርና በእሱ ዘፈነች፣ አሸነፈችም። ኤላ ፊትዝጄራልድ ትባላለች። ኤላ ዕድሜዋን ሙሉ ኮኒን እንደ መምህሯ ስትጠቅሳት ኖራለች፤ ከጥቁር ብሉዝ ዘፋኝ የተማረችው ነጭ ልጅ ለጥቁር ልጅ መልሳ አስረከበች።

ሸክላ ድንበር አያግደውም። አሜሪካ ውስጥ «ዘ ሬቨለርስ» የተባሉ ወንዶች በኤሌክትሪክ መቅጃው መጀመሪያ ዓመታት የቀዷቸው ሸክላዎች በርሊን ደረሱ። እዚያ ሃሪ ፍሮመርማን የሚባል የ21 ዓመት ሥራ ፈት ተዋናይ ሰማቸው። አባቱ የምኩራብ ዘማሪ ነበር። ልጁ ሰገነት ላይ ባለች ትንሽ ክፍሉ ውስጥ ሸክላውን እየደጋገመ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ በወረቀት እያሰፈረ ከረመ። በዲሴምበር 18 ቀን 1927 በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ፤ ዕድሜያቸው ከ25 ያልበለጠ፣ ጥሩ ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች ይፈለጋሉ የሚል። በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን በሩን ያንኳኳው ሰው ብዙ ነበር። ከሁሉም ውስጥ ለክፍሉ የሚበቃ ባስ ይዞ የመጣው ሮበርት ቢበርቲ ነው። ቢበርቲም የሚያውቃቸውን ጠራ፤ ከቡልጋሪያ መጥቶ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረው ባለ ቀጭን ድምፁ አሪ ሌሽኒኮቭ፣ ከፖላንድ የመጣው ባሪቶን ሮማን ጺኮቭስኪ፤ ኋላም ኤሪክ ኮሊንና ፒያኒስቱ ኤርቪን ቦትስ ተጨመሩ።

ለወራት ያለ ክፍያ ተለማመዱ። የሬቨለርስ ቅጂ ሆነው መቅረት ግን አልፈለጉም። በ1928 መጸው በአንድ ትልቅ የበርሊን ቲያትር «ካዛኖቫ» በሚባለው ትርኢት መሀል ብቅ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸው ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ ሆነ። ስድስት ሰው፣ ጥቁር ሱፍ፣ አንድ ፒያኖ። የሮሲኒን «የሴቪሊያ ፀጉር አስተካካይ» መክፈቻ ሙዚቃ፣ ለሙሉ ኦርኬስትራ የተጻፈውን፣ በአፋቸው ብቻ ይጫወቱታል። በ1933 የዱክ ኤሊንግተንን «ክሪኦል ላቭ ኮል» ቀዱ፤ ያለ ቃል፣ በአፍ በሚነፋ ትራምፔትና ክላሪኔት። ሸክላው ተቀድቶ ሲወጣ ጀርመንን የሚገዛው ሂትለር ነበር።

ከስድስቱ ሦስቱ፣ ፍሮመርማን፣ ጺኮቭስኪና ኮሊን፣ የአይሁድ ዘር ነበራቸው። አዲሱ መንግሥት የሙዚቃ ምክር ቤት አቋቁሞ አባል ያልሆነ ሙያተኛ እንዳይሠራ ደነገገ። የኮንሰርት አዳራሾች አንድ በአንድ ይሰርዟቸው ጀመር። ማርች 25 ቀን 1934 ሃኖቨር ላይ የዘፈኑት በጀርመን ምድር የመጨረሻቸው ሆነ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄደው በሬዲዮ ቀረቡ፤ በኒውዮርክ ወደብ በቆመችው የሳራቶጋ የጦር መርከብ ላይም ለባሕር ኃይሉ ዘፈኑ። እዚያው እንቅር የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ አልተስማሙም፣ ተመለሱ። በ1935 መጀመሪያ ደብዳቤው መጣ። ሦስቱ አርያን የተባሉት እንደ አባል ይቆጠራሉ፣ ሦስቱ አይቆጠሩም፣ ስድስቱ አብረው መቆም አይችሉም።

የሄዱት ቪየና ላይ አዲስ ሰዎች ጨምረው፣ የቀሩትም በርሊን ላይ የውጭ ስሙን ጥለው፣ «ማይስተርዘክስቴት» ተብለው ቀጠሉ። ሁለቱም ቡድኖች ሸክላ አላቸው። ኖታው ትክክል ነው፤ ቃሉ ይሰማል፤ ዘፋኞቹ ጎበዞች ናቸው። ከ1934 በፊት ያለውን አስቀድሞ የሰማ ጆሮ ግን አንድ የተነቀለ ነገር እንዳለ ያውቃል። ለሰባት ዓመት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየጠበቀ ሲኖር የተሠራውን ነገር በሰው ቅያሬ መተካት አልተቻለም። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የቪየናው ቡድን ማረፊያ አጣ፤ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ዞሮ በ1941 አሜሪካ ውስጥ ፈረሰ። የበርሊኑም በዚያው ዓመት አበቃ።

ስድስቱ ዳግመኛ አብረው አልዘፈኑም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኤበርሃርድ ፌክነር የተባለው የጀርመን የፊልም ሠሪ ታሪካቸውን ሲያዘጋጅ ኮሊን ሞቶ ነበር፤ ፍሮመርማንም በ1975 ዓረፈ። አራቱን በየሚኖሩበት ሄዶ አነጋገራቸው፤ ቢበርቲን በርሊን፣ ቦትስን ሃምቡርግ፣ ሌሽኒኮቭን ሶፊያ፣ በድህነት። አራተኛውን፣ ጺኮቭስኪን፣ ያገኘው ካሊፎርኒያ በረሃ ዳር ባለችው ፓልም ስፕሪንግስ ነው። ጺኮቭስኪ አባቱ በናዚዎች እጅ መገደሉን ሲሰማ የመድረኩን ሙያ ትቶ የምኩራብ ዘማሪ ሆኖ ነበር። በ1998 ሲያርፍ 97 ዓመቱ ነበር፤ ከስድስቱ የመጨረሻው እሱ ነው። ሌሎቹ የሚይዙለትን ኖታ እየሰማ የራሱን ሲያስተካክል የኖረው ባሪቶን፣ እስከ እርጅናው ድረስ በቅዳሜ ሰንበት በምእመናኑ ፊት ቆሞ ጸሎቱን ለብቻው ያዜም ነበር።